ታሪካችንን ማን ይጻፍልን?

(በሬዲዮ ከቀረበው ዝግጅታችን ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

የዛሬው ርዕሳችን የተነሣው ከአንድ ወዳጃችን ቤት ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የቤቱ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ስለ ይፋት ሱልጣኔት አንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ ተብለናል» አለ። አባትየው «ይፋት እኮ የእኛው አገር ነው» ብለው ፈገግ ካሉ በኋላ ዝም አሉ። አያትየው ስለ ወላስማዎች ከአባታቸው የሰሟትን አንድ ሁለት ነገር ነገሩት። ልጁ ጻፈና «ዓመቱስ አባባ? መቼ ነው?» አላቸው። «እሱን እንኳ አልነገሩንም ልጄ» አሉት። ልጁም የአባቱን ስልክ ተቀብሎ ይፈልግ ጀመር፤ ያገኘውም ዊኪፔዲያ በሚባለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ገጽ ነበር። ከዚያ ላይ እየተረጎመ የቤት ሥራውን ጨረሰ።

ልጁ የአያቶቹን ታሪክ ያገኘው ስሙን ከማናውቀው፣ ምናልባትም ይፋትን በዓይኑ አይቶ ከማያውቅ ሰው እጅ ነው። ያንን ገጽ ማን ጻፈው? ማን ከፈለው? ነገሩን ለማጣራት ጥቂት ደክመናልና ያገኘነውን እናካፍላችሁ።

ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2001 ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር በተባሉ አሜሪካውያን ተጀመረ። ከዚያ በፊት ኑፔዲያ የሚባል ሌላ ኢንሳይክሎፒዲያ ጀምረው ነበር። በኑፔዲያ የሚጽፉት የታወቁ ምሁራን ሲሆኑ እያንዳንዱ ጽሑፍ በሰባት ደረጃ ይመረመር ነበር። በዚህ አካሄድ በመጀመሪያው ዓመት የተጠናቀቁት ጽሑፎች ሁለት ደርዘን እንኳ አልሞሉም። በሩ ለሁሉም ሰው ሲከፈት ግን ጽሑፉ እንደ ጎርፍ መጣ። ዛሬ የእንግሊዝኛው ክፍል ከ7 ሚሊዮን በላይ፣ የዐረብኛው ከ1 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች አሉት። የአማርኛው ግን 15 ሺህ ገደማ ነው። ጸሐፊዎቹ ክፍያ የላቸውም። ብዙዎቹም በእውነተኛ ስማቸው አይጽፉም፤ ሠርተው ስማቸውን የሚደብቁ ሰዎች በዚህ ዘመን መገኘታቸው በራሱ አስገርሞናል።

«ማንም የሚጽፍበት ነገር እንዴት ይታመናል?» የሚለን አድማጭ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጆን ሲገንታለር ስለተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አንድ ሰው ለቀልድ ብሎ ሐሰት ጻፈ። ጋዜጠኛው በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ሳይጠረጠር አልቀረም የሚል ነበር። ይህ ቅጥፈት ማንም ሳያነሣው አራት ወር ገደማ ቆየ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛው ክፍል ሳይመዘገቡ አዲስ መጣጥፍ መጀመር ተከለከለ፤ ምንጭ የመጠየቁም ነገር እየጠበቀ ሄደ። ዛሬ አንድ ሰው ዓረፍተ ነገር ሲጨምር «ይህን ከየት አገኘኸው? የትኛው መጽሐፍ? ስንተኛው ገጽ?» ይባላል። የተለወጠው ሁሉ ከነቀኑና ከነለዋጩ መለያ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ ማንም ወደኋላ ሄዶ ያየዋል። የማይስማሙ ሰዎች የሚከራከሩበት የውይይት ገጽም ከእያንዳንዱ መጣጥፍ ጋር አለ።

ውድ አድማጮቻችን፣ «ከማን ሰማኸው?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ እንግዳ ነውን? በሱረቱል ሑጁራት የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ታዘናል። የሐዲስ ዑለማዎች እከሌ ከእከሌ፣ እከሌ ከእከሌ እያሉ ሰንሰለቱን ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። በ310 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 923) የሞቱት ኢማም ጠበሪ በታላቁ የታሪክ መጽሐፋቸው መግቢያ ላይ፣ አንባቢ የሚከብደው ወሬ ቢያገኝ ነገሩ ከእሳቸው ሳይሆን ካስተላለፉላቸው ሰዎች የመጣ መሆኑን እንዲያውቅ፣ እሳቸው የደረሳቸውን እንዳደረሱ ለአንባቢው አስታውቀዋል። የኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያም ጸሐፊውን የሚጠይቀው ወደዚህ የቀረበ ነገር ነው። የራስህን ግኝት አትጻፍ፣ ሌሎች ያሉትን ከነባለቤቱ አድርስ ይለዋል።

ለእኛ ለሐበሻ ሙስሊሞች ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ የአብዱረሕማን አል ጀበርቲ ነው። ስማቸው እንደሚናገረው የዘር ሐረጋቸው ከዚህ ከእኛ አገር፣ ከጀበርት ነው። ቀደምት አባቶቻቸው ወደ ካይሮ ሄደው በአል አዝሀር የጀበርት ተማሪዎች ማደሪያና መማሪያ የነበረውን ሪዋቅ በኃላፊነት ይመሩ ነበር። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1753 ካይሮ ተወለዱ። ወደ ታሪክ ጽሑፍ የገቡበት መንገድ ደስ ይላል። የደማስቆው ሙፍቲ አል ሙራዲ የዘመኑን ዑለማ የሕይወት ታሪክ ለመሰብሰብ አስበው፣ የግብፆቹን እንዲሰበስቡላቸው ካይሮ ላሉት ለታላቁ ዓሊም ሙርተዳ አዝ ዘቢዲ ይልካሉ። አዝ ዘቢዲ ደግሞ ወጣቱን አል ጀበርቲን አግዘኝ ይሏቸዋል። በደማስቆ ለሚጻፍ መጽሐፍ በካይሮ ያለ ሰው መረጃ ይለቅማል ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ1791 አዝ ዘቢዲም አል ሙራዲም በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ። ሥራው ባለቤት አጣ። አል ጀበርቲ ግን የለቀሙትን አልጣሉትም፤ ቀጠሉበት። ከሽማግሌዎች ጠየቁ፣ የጸሐፊዎችን መዝገብ አገላበጡ፣ የሞት ዓመት ሲጠፋባቸው መቃብር ሥፍራ ድረስ ሄደው ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን አነበቡ። ዐጃኢቡል አሣር የሚባለው መጽሐፋቸው ዛሬ ናፖሊዮን የገባበትን ዘመን ጨምሮ የግብፅን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁሉ የማያልፈው ምንጭ ሆኗል። መነሻው ግን ለሌላ ሰው መጽሐፍ የተደረገ እገዛ ነበር።

እንግዲህ ወደ ይፋቱ ልጅ እንመለስ። ስለ አያቶቹ የሚታወቀው ከየት መጣ? ብዙው የመጣው አንድ የእኛ ሰው ተናግሮ ሌላው ስለጻፈለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1349 የሞቱት አል ዑመሪ ሐበሻን አላዩም። ካይሮ ውስጥ ከሼኽ አብደላህ አዝ ዘይለዒና ከሌሎች ጠይቀው ነው የይፋትን፣ የደዋሮን፣ የአረባብኒን፣ የሐድያን፣ የሸርኻን፣ የባሊንና የዳራን ሰባት የሙስሊም ግዛቶች የመዘገቡልን። ከይፋት በፊት በሸዋ ስለነበረው የመኽዙሚዮች ሱልጣኔት ያለን ወሬ ደግሞ ባብዛኛው ከአንዲት አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል የተገኘ ነው። በዲት ቢንት ማያ የምትባል ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1063 እንደሞተች፣ ሱልጣኔቱም በ1285 በወላስማዎች እጅ እንደወደቀ የምናውቀው ከእሷ ነው። ያቺን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳትሞ ለዓለም ያሳወቃት ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው፤ በወረራው ዘመን የጣሊያን መንግሥት ከፍተኛ ሹም የነበረ ሰው! የእኛው ኪታብ በወራሪያችን ሹም እጅ ታትሞ ደረሰን። ባይታተምስ ኖሮ? ንግሥቲቱን ዛሬ በስም የሚያውቃት ባልኖረ ነበር።

እዚህ ላይ ከባዱ ነገር ይመጣል። ዊኪፔዲያ ምንጭ ሲል የታተመ ምንጭ ማለቱ ነው። በሐዲስ ሰንሰለት ሰውየው ይመዘናል፤ እዚያ ግን የሚመዘነው መጽሐፉ ነው። ኢጃዛ ያላቸው አባት ቢናገሩ አይበቃም። እኛም ይህ ደርሶብናል። ስለ አንድ የገጠር ሼኽ ከሽማግሌዎች የሰማነውን ጽፈን አስገብተን፣ አንድ የማናውቀው ሰው «ምንጩ የት ነው?» የሚል ምልክት አደረገበት። እውነቱን ለመናገር ተቆጥተን ነበር። «የእኛን ሼኽ አንተ ከየት ታውቃቸዋለህ!» አልን። ማስታወሻችንን መልሰን ስናየው ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች የነገሩን የሞት ዓመት በሰባት ዓመት ይለያያል። እኛ ደስ ያለንን መርጠን ጽፈናል። ጠያቂው ልክ ነበር።

ታዲያ የታተመ የለንም ማለት ነው? አለን፤ ግን ሩቅ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ አኼራ የሄዱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት መጽሐፍ በ2001 ሆላንድ አገር ታትሟል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ከ2003 እስከ 2014 በጀርመን በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም ስለ ዑለማዎቻችን፣ ስለ መስጊዶቻችንና ስለ ሱልጣኔቶቻችን ብዙ ይዟል። እሱም በእንግሊዝኛ ነው። ስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ እነዚህን የሚያነብ ወጣት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሰጥ፣ ስለ 1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወይም ስለ ሼኽ ጦልሓ ቢን ጀዕፈር በራሱ ቃል አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፎ የመጽሐፉን ገጽ ከግርጌው ቢያስቀምጥ፣ የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት መተርጎም አያስፈልገውም። በራሱ ቃል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰው ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ በሕጉም ክልክል ነው፤ አማና ማጉደልም ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። አንዳንድ ወንድሞቻችን ወደዚህ ሥራ የሚገቡት ታሪክን ለማስዋብ ነው። ስለ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የተጻፈውን ይከፍቱና «ግራኝ» የሚለውን ቃል ሁሉ ይሰርዛሉ፤ ሌላው ወገን ይመልሰዋል፤ እንዲህ ሲሳሳቡ ገጹ ይበላሻል። ዐረብ ፈቂህ ፉቱሕ አል ሐበሻ በተባለው ኪታባቸው ድሉን ብቻ አልጻፉም። የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያንም በግልጽ ጽፈዋል። ኪታቡ እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ስለወጣ ማንም ያነበዋል። የራሳችን ሰው የጻፈውን እኛ ብንደብቀው ማን ያምነናል? በሌላ በኩል የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕሎች ብቻ ተጠቅሰው የተጻፈ ገጽ ስናይ ፉቱሕን ከነገጹ መጨመር መብታችንም ግዴታችንም ነው። የነጃሺም ነገር እንዲሁ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሌለበት እንደሰገዱበት የሐዲስ ኪታቦች ዘግበዋል ብለን ከነምንጩ እንጽፋለን። መስለሙን የማይቀበሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ያሉትንም በስማቸው እናስቀምጣለን። እምነታችን በዚህ አይቀንስም። የልጅ ልጅ ስለ አያቱ ባይጽፍ ይመረጣል የሚለውን ደንብም ወደነዋል፤ አያቱን የሚወድ ሰው ከራማውን እንጂ ጉድለቱን አይጽፍምና።

«እኛ ኮምፒውተር አናውቅም፣ ምን እናድርግ?» ለምትሉን እናቶችና አባቶች፣ የእናንተ ድርሻ የሚበልጥ ይመስለናል። ሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የአያት ኪታብ ያለባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፈ የመንዙማ ደብተር ያለባቸውም አሉ። ሐረር ላይ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በራሳቸው ጥረት ከየቤቱ ሰብስበው ያቆሙት ሙዚየም አለ፤ የተቀደዱትን የእጅ ጽሑፎች እየጠገኑ፣ አዲስ ሽፋን እየሰፉላቸው ለአጥኚ አብቅተዋቸዋል። እናንተ ያላችሁን አትሽጡ፣ ለማያውቁት ሰው አትስጡ። ለሚያነብ ሰው ግን አሳዩ፤ ቅጠል በቅጠል ፎቶ ይነሣ። ከኋላው ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው የሚገልጽ መስመር ካለ እሱ ከሁሉ ይበልጣል። ሽማግሌ ሲናገሩም ድምፃቸውን ቅዱ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከማን እንደሰሙት ጠይቁ። ያ ቅጂ እንዳለ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን አንድ የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ይጠቀምበታል፣ አጥንቶም ያሳትመዋል፣ ከታተመው ደግሞ ሌላው ይጠቅሰዋል። መንገዱ ረጅም ነው። በ2020 መጨረሻ በትግራዩ ጦርነት የነጃሺ መስጊድ ሲመታ እንዳየነው ግን ድንጋይም ቢሆን አይጠብቀንም።

ያ ልጅ የቤት ሥራውን አስረክቦ ከአሥር ዘጠኝ አግኝቷል። አንዷን ያጣው ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው፣ አያቱ የነገሩትንም ጨምሮ ጽፎ ኖሮ አስተማሪው ከጎኑ «ከየት የተገኘ?» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ጽፈውበታል። አያትየው ይህን ሲሰሙ ሳቁና የሰሙበትን ቦታና የነገራቸውን ሰው ስም ሊያስጽፉት ጠሩት። ስንወጣ ገና እያስጻፉት ነበር።