ከደጅ ጥናት ወደ በረራ መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የዲ.ሲ. 3 አውሮፕላን አዛዥ ሆነው ሲበሩ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ካፒቴን አገኘ። ድርጅቱ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው በአንድ የሹመት ደብዳቤ ዋና ዳይሬክተር ሊሆን፣ በሌላ ደብዳቤ ደግሞ ወደ ሩቅ ጠቅላይ ግዛት ሊላክ ይችል ነበር። የአውሮፕላኑ የግራ ወንበር ግን በደብዳቤ አይገኝም። ይህ ልዩነት ስለ ሠራተኛ የሙያ መገለጫና ስለ ግል ዕድገት ዕቅድ ዛሬ ከምንሰማው ምክር የበለጠ የሚያስተምር ይመስለኛል። ምክሩ ዘወትር የሚጀምረው ከሠራተኛው ነው፤ ራስህን ዕወቅ፣ ግብህን ጻፍ፣ ችሎታህን አሳይ ይላል። የተጻፈው የሚነበብበት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ግን አይጠይቅም።

በእኛ የአስተዳደር ታሪክ የሥራ ዕድገት ዋና መንገድ ደጅ ጥናት ነበር። ባለጉዳዩ በማለዳ ከትልቅ ሰው ደጅ ይቆማል፤ እጅ ይነሣል፤ ይታያል። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት መታየቱ ራሱ ማስረጃው ነው። ደጅ ጥናት መስፈርት የሌለው ሥርዓት ነበር ማለት ስሕተት ነው፤ ታማኝነትን፣ ትዕግሥትንና ጠባይን ይመዝን ነበር፤ ለባላባታዊው መንግሥትም ከእነዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረም። ጉድለቱ ሌላ ነው። መዝገቡ የሚገኘው በጌታው ልብ ውስጥ ብቻ ነበር። ጌታው ሲሻር ወይም ሲሞት የደጅ ጠኚው የዓመታት ድካም አብሮ ይቀራል፤ ወደ ሌላ ደጅ ይዞት የሚሄደው ነገር የለም። ከነጻነት በኋላ ጽሕፈት ሚኒስቴር ሹመቱን በወረቀትና በማኅተም አደረገው፤ አሠራሩ ግን ብዙም አልተለወጠም። ኃያሉ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1955 ከሥልጣናቸው ተነሥተው ወደ አርሲ ሲላኩ፣ በእርሳቸው ጥላ ሥር የነበሩትም ጥላቸው ተገፈፈ።

አየር መንገዱ የተቋቋመው በዚህ ዓለም መካከል፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1945) ነው። የባለሙያው እጥረት እጅግ የከፋ ነበር። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተልከው ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በፋሽስት ወረራ ዘመን፣ በተለይም ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ፣ ተማሩ ተብለው ብቻ እየተለቀሙ ተገድለዋል። ስለዚህ መንግሥት ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር ተዋዋለ። የቦርዱ ሊቀ መንበር ፊታውራሪ ታፈሰ ሀብተ ሚካኤል፣ ሥራ አስኪያጁ ግን ሆሎዌይ የተባለ አሜሪካዊ ነበር። አብራሪዎቹ፣ ቴክኒሻኖቹና የሒሳብ ሠራተኞቹም በአብዛኛው ከዚያው መጡ። አክሲዮኑ በሙሉ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዕውቀቱ ደግሞ የውጭ ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ ዘግየት ማለት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለው ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ዙሪያውን ተራራ ነው፤ በክረምት ደመናው ዝቅ ይላል። እዚያ ላይ የተሳሳተ አብራሪ በአማላጅ አይድንም። በመሆኑም የሰውየው ችሎታ እውነት መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ ነበረበት፤ የአቪዬሽን ሙያም ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ነበረው፤ የበረራ መዝገብ።

የበረራ መዝገብ ደብተር ነው። ቀኑ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ የተነሣበትና ያረፈበት ስፍራ፣ የበረራው ሰዓት፣ አብራሪው በረዳትነት ይሁን በአዛዥነት እንደበረረ ይጻፍበታል። የሥልጠና በረራውን አስተማሪው በፊርማው ያጸናዋል። ባለቤቱ ስለ ራሱ ቅጽል የሚጽፍበት ቦታ የለም፤ ጎበዝ ነኝ፣ ትጉህ ነኝ ማለት አይቻልም። ይህን ያህል ሰዓት፣ በዚህ አውሮፕላን፣ በእገሌ ፊት ይላል፤ ያበቃል። ከዚህም በላይ ደብተሩ የሚቀመጠው በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አይደለም፤ የአብራሪው ንብረት ነው፤ በሄደበት ሁሉ ይዞት ይሄዳል፤ በየትኛውም አገር የሚያነበው ሰው አለ። ከደጅ ጥናት ጋር ሲነጻጸር ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ ማስረጃው ከጌታው ልብ ወጥቶ በሠራተኛው እጅ ገባ።

የዕድገት ዕቅዱም ከዚሁ የተቀዳ ነበር። ለቀጣዩ ደረጃ ስንት ሰዓት፣ የትኛው ፈተና፣ የትኛው ፈቃድ እንደሚጠየቅ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ረዳት አብራሪው የጎደለውን ለማወቅ የአለቃውን ፊት ማንበብ አያስፈልገውም፤ ደብተሩን ገልጦ ይቀንሳል።

ሆኖም ደብተር ብቻውን ካፒቴን አያደርግም። ወንበሩ መለቀቅ አለበት። የአየር መንገዱ ታሪክ ብዙ ጊዜ በጀግንነት ቋንቋ ስለሚተረክ ይህ ክፍል ይዘነጋል፤ ለእኔ ግን ዋናው ይህ ነው። ከቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር የነበረው ግንኙነት ኢትዮጵያውያን ሠልጥነው ድርጅቱን ይረከባሉ በሚል ግብ የታሰረ ነበር። የውጭው ባለሙያ የሥራ ውጤት ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ እርሱን የሚተካው ሰው ነበር ማለት ነው። ድርጅቱ በ1960ዎቹ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1970 ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አለ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከምሥረታው ሃያ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። አዝጋሚ ነበር የሚል ይኖራል፤ በከፊል እውነቱን ነው፤ ለተተኪው መንገድ መልቀቅ በተፈጥሮው ለማንም አይጥምም፤ አሜሪካዊውም ሰው ነው። ነገር ግን ሰዓቱ በማይዘለልበት ሙያ ፍጥነቱ ልክ ነበረው።

ወደ ሲቪል ሰርቪሱ ስንዞር ሌላ ታሪክ እናገኛለን። በ1960ዎቹ መባቻ የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያስተዳድር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የሥራ ምደባና የደሞዝ ስኬል ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ የነበሩት መንግሥታት ሁሉ የየራሳቸውን ቅጽ ጨምረዋል፤ ቢ.ፒ.አር. መጣ፤ ቢ.ኤስ.ሲ. መጣ፤ የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባው መጣ። ሠራተኛው የግል ዕቅዱን በየበጀት ዓመቱ ይሞላል፤ አለቃው ነጥብ ይሰጣል። ቅጾቹ በራሳቸው መጥፎ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በየትኛውም የአውሮፓ መሥሪያ ቤት ከሚሞሉት አያንሱም። ግን የግል ማኅደሩ በሪከርድና ማኅደር ክፍል ይቀመጣል፤ በውስጡ የሚከማቸው የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የዲሲፕሊን ደብዳቤ ነው። ሰውየው ምን መሥራት እንደሚችል፣ ማን አይቶ እንደመሰከረለት የሚገልጽ ወረቀት ከስንት አንዴ ይገኛል። የላይኛው ወንበር መቼና በምን እንደሚለቀቅም አይታወቅም፤ ሲለቀቅ ደግሞ የሚሞላው በፖለቲካ ሹመት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሠራተኛው የዕድገት ዕቅዱን ለይምሰል ቢሞላ አልፈርድበትም። ቅጹ እየተሞላ ደጅ ጥናቱ በጎን ይቀጥላል።

በጠረጴዛ ሥራ ችሎታ እንደ በረራ በሰዓት አይቆጠርም የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የበጀት ባለሙያ ስሕተት ተራራ ላይ አይከሰከስም፤ ውጤቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ሰው ላይ ይወድቃል። ቢሆንም የሚቆጠር ነገር ሞልቷል፦ ያዘጋጀው ረቂቅ ደንብ፣ የመራው ድርድር፣ የዘጋው ሒሳብ፣ አጠገቡ ሆኖ ያየው አለቃ ፊርማ።

ማስረጃውን በሠራተኛው እጅ ማስገባት ዋጋም አለው፤ ይዞት ይሄዳል። የኢትዮጵያ አብራሪዎችና መካኒኮች ወደ ባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ሲፈልሱ ኖረዋል። በአገር ገንዘብ ለሌላ ማሠልጠን ነው የሚለው ቅሬታ መሠረት የለውም አልልም፤ ድርጅቱም ሠልጣኞቹን በግዴታ ውል ማሰሩ ከዚህ የመጣ ነው። ግን አቶ ግርማ ዋቄ በአየር መንገዱ ለረጅም ዓመታት ሠርተው በ1990ዎቹ ወደ ገልፍ ኤር ሄዱ፤ በ2004 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተመለሱ። የተመለሱበት ቤት የእርሳቸውን መገለጫ ማንበብ ይችል ነበር፤ ባሕሬን የተሠራው ሥራ አዲስ አበባ ላይ ትርጉም ነበረው። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት አቶ ተወልደ ገብረማርያምም፣ አቶ መስፍን ጣሰውም በ1980ዎቹ በታች ደረጃ ተቀጥረው እዚያው ደረጃ በደረጃ ያደጉ ናቸው።

ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከዱባይ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ለመስጠት ወደ አገር ቤት የሚጓዘው የእኛው ባለሙያ የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላው ቤት ነው። የራሱ መገለጫ ሞልቶ የተረፈ ነው። አዳራሹ ይሞላል፤ የምስጋና የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሠልጣኞቹም አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። ከመነሣቱ በፊት ለጋባዡ መሥሪያ ቤት የሚያቀርባቸው ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ፤ ከእነዚህ ሠልጣኞች የትኛው የትኛውን ወንበር ነው የሚረከበው? ሲሠሩ አይቼ የምሰጠው ምስክርነትስ በማን ማኅደር ውስጥ ይገባል?