ከማዞሪያ ብረት እስከ ነፋስ ስልክ፤ የመኪና ሞተር አነሣሥ ታሪክ በአጭሩ

ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያመጣው ሲድሊ አውቶሞቢል፣ ሞተሩ የሚነሣው በማዞሪያ ብረት በእጅ ጉልበት ነበር። በዚያ ዘመን ሞተር ወደ ኋላ ሲመታ የአዙሪውን ክንድ እስከ መስበር ይደርስ ነበር። ከዚህ አደጋ ያዳነው፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1911 የሠራው፣ እኛ ሞተሪኖ የምንለው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ነው።

ዛሬ ደግሞ ከሩቅ በሬዲዮ ሞገድ ሞተር የሚያስነሣና ሌባ ሲመጣ የሚጮህ መሣሪያ በአሮጌ መኪና ላይ ይገጠማል። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስም ነገሩን ያስታውሰናል፤ ስልክ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ሲሆን፣ ያለ ሽቦ የሚያነጋግረው መሣሪያ ቀድሞ የነፋስ ስልክ ይባል ነበር። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ስለ ጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፣ በእጅ ያለውን መጠበቅ ለብዙዎች ግድ ሆኗል።

መሣሪያው የቁልፍን ሥራ ይሠራል፤ በሪሌይ አማካይነት መጀመሪያ የማቀጣጠያውን፣ ቀጥሎ የሞተሪኖውን መስመር ከባትሪው ጋር ያገናኛል፤ ሞተሩ ሲነሣ ሞተሪኖውን ይለቃል። ነገር ግን ማርሹ በእጅ የሚቀየር መኪና ማርሽ ገብቶ ከቆመ፣ ሞተሪኖው መኪናውን ራሱን ይገፋዋል። ስለዚህ ማርሹ ነጻ ለመሆኑና የእጅ ፍሬኑ ለመያዙ ምልክት ሳይደርሰው እንዳያስነሣ ተደርጎ መገጠም አለበት።

እንግዲህ ኬተሪንግ ከአዙሪው ክንድ ላይ ያነሣው አደጋ፣ ሽቦው በጥንቃቄ ካልተያያዘ፣ ምንም ሳያውቅ በመኪናው ፊት ወደሚያልፈው ሰው ይዛወራል እንላለን።