በከፋ፣ በሚዛንና በማጂ አገር የኖሩ ፈረንጆችና አሳዳሪዎቻቸው

ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አገር ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ ገና ከመጀመሪያው አንድ ችግር ያጋጥመዋል። ይኸውም ስለ ቤንች፣ ስለ ሸኮ፣ ስለ ዲዚና ስለ መዠንግር ሕዝብ በጽሑፍ የሚገኘው የቆየ ነገር አብዛኛው ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ጥቂት ጊዜ ተቀምጦ የጻፈው መሆኑ ነው። አገሬው ታሪኩን በቃል ይዞ ኖረ እንጂ በወረቀት አላሰፈረውም። ስለዚህ ወደድንም ጠላንም የአያቶቻችንን ኑሮ ለማወቅ ስንፈልግ ፈረንጁን እንጠይቃለን።

እነዚህ ሰዎች የጻፉት እውነት ነው ወይስ ሐሰት እያሉ የሚከራከሩ አሉ። ይህ ጽሑፍ ግን ከዚያ የቀለለ ጥያቄ ያነሣል። ሰዎቹ በመጡ ጊዜ የት አደሩ? ማን አበላቸው? ውኃ ሲጠማቸው በምን ቋንቋ ለመኑ? ይህን ጽሑፍ ያቀረበው ተማሪ እንደሚያምነው እንግዳው ያየው አገር አሳዳሪው ያሳየውን አገር ነው፤ የመጽሐፎቹም መልክ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ተወስኗል። አሳዳሪ ስንል እንግዳ ተቀብሎ የሚያሳድረውን ሰው ማለታችን ነው። ቃሉ ጌታ ማለትም እንደሚሆን አንባቢ ያስታውሳል፤ በዚህ አገር ሁለቱ ትርጉሞች ብዙ ጊዜ ተገናኝተዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቆዩት እንጀምር። ኢጣልያዊው ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ ከፋ የገባው በ1859 ነው። ያን ጊዜ ከፋ በራሱ ንጉሥ የሚገዛ፣ ድንበሩ በጉድጓድና በኬላ የታጠረ አገር ስለ ነበረ፣ እንግዳ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ሊገባም ሊወጣም አይችልም ነበር። የማሳያ አሳዳሪ ንጉሡ ነበሩ ማለት ነው። ማሳያ ወንጌል ለመስበክ መጣ፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ የኖረበት ሕዝብ ከሁሉ አስበልጦ ያወቀው በፈንጣጣ ክትባቱ ነው። አባ መሲያስ ይሉት ነበር፤ የፈንጣጣ አባት የሚል ስምም አወጡለት። እንግዳ ለምን እንደ መጣ ራሱ ያውቃል፤ ለምን እንደሚፈለግ የሚወስነው ግን ባለ አገሩ ነው። ከማሳያ ቀድሞ ወደ ከፋ የተላከው ካህን አባ ቼዛሬማ የአገሩን ሴት አግብቶ፣ ጎጆ ወጥቶ ተገኘ። ማሳያን ወደ ከፋ ካመጡት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነገር ነበር። አባ ቼዛሬ በዚያ ቤት ውስጥ ያየውን ቢጽፍልን ኖሮ ምን ያህል በተማርን! የተጻፈልን ግን የጳጳሱ ወቀሳ ነው። ማሳያ ራሱ በ1861 ከከፋ ተባረረ።

ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ ሁለት ሌሎች ኢጣልያውያን፣ ካፒቴን አንቶንዮ ቼኪና መሐንዲስ ጆቫኒ ኪያሪኒ፣ በጌራ ንግሥት እጅ ወደቁ። ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ። ቼኪ በ1880 እስኪለቀቅ ድረስ እንግዳም እስረኛም ሆኖ ተቀመጠ። «ከዘይላ እስከ ከፋ ድንበር» የተባለው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፉ ስለ ጊቤ አገሮች ልማድና ቋንቋ ከታተሙት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። የሚሄድበት የሌለው ሰው ቀኑ ይረዝማል፤ ቀኑ የረዘመ ሰው ደግሞ የሚጠብቁትን ዘበኞች ሳይቀር ይጠይቃል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ቼኪን ጥሩ ተመልካች ያደረገው እስራቱ ነው።

በ1897 የከፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ። በሚቀጥለው ዓመት ራስ የምኒልክን ድንበር እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለት እስከ ዛሬው ቱርካና፣ ለማድረስ ወደ ደቡብ ሲዘምቱ አንድ የመስኮብ መኮንን አብሯቸው ሄደ። ስሙ አሌክሳንድር ቡላቶቪች ነው። በ1900 በፒተርስበርግ ያሳተመው መጽሐፍ የዛሬዎቹን የቤንችና የሸኮ ቀበሌዎች ያለፈባቸውን ቀኖች ይተርካል። ሰውየው አስተዋይ ነው፤ አይዋሽም። ግን ከጦር ጋር የሚሄድ እንግዳ የሚበላው ወታደሩ ከገበሬ ጎተራ ያወጣውን ነው። የሚያየውም ባለቤቱ ሸሽቶ የተዘጋውን ቤት ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ ማሳው፣ ጎጆውና መሣሪያው በሚገባ ተገልጾ ሳለ እልፍኝ ገብቶ ከአባወራው ጋር የተጨዋወተበት ቀን ብንፈልግ የምናገኘው ጥቂት ነው። ራሱ ቡላቶቪች ይህ ነገር የከበደው ይመስላል። በሐይቁ አጠገብ ቆስሎ የወደቀ ሕፃን አንሥቶ፣ አስታሞ፣ ቫስካ ብሎ ጠርቶ ወደ አገሩ ወሰደው። ፈረንጅ በእኛ መካከል እንዴት እንደ ኖረ ስንጽፍ፣ ከእኛ ወገን የሆነ ልጅ በመስኮብ መካከል ብቻውን እንዳደገ መዘንጋት አይገባም። እሱ ያየውን የጻፈ የለም።

ከዚህ ዘመቻ በኋላ ማንም ፈረንጅ ወደ ሚዛን ወይም ወደ ማጂ ሲመጣ አሳዳሪው የማዕከላዊው መንግሥት ሹም ሆነ፤ የአፍ ማስፈቻ ቋንቋውም አማርኛ፣ አንዳንድ ጊዜም ኦሮምኛ። የዚህ ምልክት ዛሬም ድረስ በመጽሐፎቹ ላይ ይታያል። የቤንችን ሰው ጊሚራ ይሉታል፤ ሜኒትን ቲሻና፤ መዠንግርን መሰንጎ። ሦስቱም ጎረቤት ወይም ገዢ ያወጣላቸው እንጂ ሕዝቦቹ ራሳቸውን የሚጠሩባቸው ስሞች አይደሉም። እንግዳው በቅሎው ላይ ሆኖ «እነዚህ ሰዎች ማን ይባላሉ?» ሲል የመለሰለት አስተርጓሚው ነበር፤ ሰዎቹ አልተጠየቁም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አውራጃው፣ ከተማው ሚዛን ተፈሪ ሆኖ፣ ጊሚራ ተብሎ ይጠራ ነበር። ዛሬ ዞኑ ቤንች ሸኮ ተብሏል፤ በቤተ መጻሕፍት ካርድ ላይ ግን አሁንም ቤንችን የሚፈልግ በጊሚራ ስም መፈለግ አለበት።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት በማጂ ቆንስላ አቆመ። ምክንያቱ ንግድ አልነበረም፤ ማጂ ለኬንያና ለሱዳን ድንበር የቀረበች ስለ ሆነች፣ ድንበር እየተሻገረ የዝሆን ጥርስ የሚያድነውንና ባሪያ የሚፈነግለውን ለመከታተል ነው። የመጀመሪያው ቆንሲል አርኖልድ ሆድሰን ይባላል። በ1929 ያሳተመው መጽሐፍ «አንበሳ በሚነግሥበት» የሚል ስም አለው፤ በእርግጥም ስለ አንበሳ አደን ብዙ ይናገራል። ሆድሰን ቋንቋ ለመማር የማይሰንፍ ሰው ነበር። የጎሬ ቆንሲል ከነበረው ከክሬቨን ዎከር ጋር ሆኖ በ1922 የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳትሟል። ነገር ግን የማጂ ገበሬ ቋንቋ ዲዚኛ ነው። ከደጋው ላይ ሆኖ ቆላውን ቁልቁል የሚያይ፣ አሽከርና ወጥ ቤት፣ በቅሎ ጫኝና አስተርጓሚ ያለው፣ ደመወዝ በማርትሬዛ ብር የሚከፍል፣ ደብዳቤው ብዙ ቀን በእግር ተጉዞ የሚደርሰው ሰው፣ በየቀኑ የሚያነጋግራቸው እነዚሁ ደመወዝተኞችና የአገሩ ሹማምንት ናቸው። ገበሬው ወደ ቆንስላው የሚመጣው ሲቸግረው ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ ለራሳችን አስተያየት የሚከብድ ነገር እናገኛለን። የማጂ ቆንሲሎች በመንግሥቱ ፈቃድ ተቀምጠው ሳሉ መንግሥቱ ያልወደደውን ነገር ጽፈዋል። በባሪያ ንግድና በገባር ሥርዓት የዲዚ ሕዝብ እንዴት እንደ ተመናመነ ከምናውቅባቸው ምንጮች አንዱ የእነሱ ሪፖርት ነው። ታዲያ አሳዳሪው ያሳየውን ብቻ ያያል ያልነው ለምን ፈረሰ? መልሱ ቀለባቸው ከለንደን መምጣቱ ይመስለናል። በሹሙ አገር ተቀመጡ እንጂ በሹሙ ገበታ አልቆረሱም። የለንደን ገበታ ደግሞ የራሱ ፍላጎት አለው፤ የባሪያው ነገር ለድንበሩ ነገር ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ ነበር። ሁለቱን ማመዛዘን የአንባቢው ፋንታ ነው።

ዎከር ከሁሉ የተለየ መንገድ መረጠ። በ1933 የታተመው «ሐበሻ በቤቱ» የተባለው መጽሐፉ ስለ ጋብቻው፣ ስለ ሙግቱ፣ ስለ ቤተ ሰቡ አስተዳደር የአገሬው ሰዎች የነገሩትን በእነሱው አነጋገር ለማቅረብ የሞከረ ነው። እኔ አየሁ ከሚለው እነሱ አሉ የሚለው ይበዛል። ከዚህ ዘመን የፈረንጅ መጻሕፍት አንድ ብቻ ምረጥ ብንባል ይህን እንመርጥ ነበር። ተናጋሪዎቹ ግን የአማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ጎሬ ላይ ከቆንስላው ደጅ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚኖረው ሰው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቃል የለውም።

በ1930ዎቹ የማጂ ቆንሲል የነበረው ሪቻርድ ዋሊ ከኬንያ የእርሻ ሹማምንት በቀረበለት ጥያቄ ጌሻ ከሚባለው ደናማ አገር የቡና ዘር አስለቅሞ ላከ። ዘሩ ከኬንያ ወደ ታንጋኒካ፣ በ1953 ወደ ኮስታሪካ፣ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻግሮ በ2004 በዚያ አገር ውድድር አሸነፈ፤ ዛሬ በዓለም እጅግ ከሚወደዱት ቡናዎች አንዱ ነው። ለቆንሲሉ ይህ ከብዙ የደብዳቤ ሥራ አንዱ ተራ ጉዳይ ነበር። አስደናቂው ነገር የአካባቢው ሕዝብ በየቀኑ የሚጠጣው ከፍሬው ይልቅ ቅጠሉን መሆኑ ነው። የቡናው ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከበርበሬና ከሌላም ቅመም ጋር ተፈልቶ ጨሞ ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ራሱ መጀመሪያ ሲቀርብለት ፊቱን ያጨማድዳል፤ ጠዋት ወደ እርሻ ለሚወጣ ሰው ግን ጉልበት ነው። የቡናውን ዘር ዓለም አወቀው፤ ጨሞ ግን ከአገሩ አልወጣም።

ከኢጣልያ ወረራ በኋላ የእንግዳው ዓይነት ተለወጠ። የአሜሪካን ሚሲዮን በማጂ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከፈተ፤ እንግዳውም ብቻውን መምጣቱን ትቶ ሚስትና ልጆች ይዞ መጣ። በ1950ዎቹ ማጂ የገቡት የከርትዝ ቤተ ሰብ ልጆች፣ ካሮላይንና ጄን፣ አድገው ደራስያን ሆነዋል። የካሮላይን ትዝታ በ2019 «በሁለቱም በኩል ቁልቁለት የሚባል መንገድ» በሚል ስም ታትሟል፤ በኋላም ተመልሳ ማጂ የፀሐይ ኃይል መብራት እንድታገኝ ሠርታለች። ልጅ እንግዳ ሲሆን አሳዳሪው ሌላ ልጅ ነው። ሹም አያስፈልገውም፤ አስተርጓሚም ለጥቂት ቀን እንጂ አይፈልግም። ነገር ግን ለትምህርት ሲደርሱ ልጆቹ ወደ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ይላኩ ነበርና፣ የተጀመረው ጓደኝነት ክረምት ከክረምት ይቋረጣል። ይህን ጽሑፍ ያቀረበው ተማሪ ያደገው በአማን ነው፤ እኛም ነጭ ሰው ባየን ቁጥር «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያልን እስከ ገበያው ድረስ እንከተል ነበር። የተከተልነው ሰው ምን ይሰማው እንደ ነበር የገባን የእነዚህን ልጆች መጽሐፍ ካነበብን በኋላ ነው።

ከቴፒ ወደ ምዕራብ ባለው ደን ውስጥ ደግሞ ከ1964 እስከ 1965 ጃክ ስታውደር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረ ሰብ ጥናት ተማሪ ከመዠንግር ጋር ተቀመጠ። መዠንግር ደን እየመነጠረ የሚያርስ፣ በዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀለ ማር የሚቆርጥ፣ መሬቱ ሲደክም ወይም ከጎረቤቱ ሲጣላ ጎጆውን ትቶ ወደ ሌላ የሚሄድ ሕዝብ ነው። የመንደር አለቃም የለውም። እንግዲህ ስታውደር እንደ ቀደሙት ሁሉ የሚቀበለውን ሹም ቢፈልግ በመካከላቸው አያገኝም ነበር። ማሳ ለመመንጠር ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ በጋራ በሚሠራበት ቦታ እየተገኘ ሰዎቹን አንድ በአንድ ማወቅ ግድ ሆነበት። በ1971 በካምብሪጅ የታተመው መጽሐፉ ሕዝቡን በገዛ ስሙ፣ መዠንግር ብሎ ይጠራዋል። በዚያው በ1964 ሚሲዮናዊው ሃርቪ ሆክስትራ በጎደሬ ተቀምጦ ቋንቋውን ተማረ፤ በኋላም ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ድምፅ እየቀረጸ ያሰማ ነበር። አንዱ ስለ ሕዝቡ ለማወቅ፣ አንዱ ሕዝቡን ለመለወጥ መጣ፤ ሁለቱም ግን ውኃ ሲጠማቸው በባለቤቱ ቋንቋ ለመኑ።

ከማጂ ልጆች ጋር የተጫወቱት የማጂ ልጆች ዛሬ በሕይወት ካሉ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በጎደሬ ድምፃቸው በቴፕ የተቀዳው ሰዎችም እንዲሁ። የቆንሲሎቹን ደብዳቤ ተሸክመው የተጓዙትና የጌሻን ቡና የለቀሙት ግን አልፈዋል። ስለ ፈረንጆቹ ልጆች ከመጽሐፋቸው እናነባለን፤ ስለ እኛዎቹ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሚዛን ወደ ማጂ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ደብተርና ድምፅ መቅረጫ ይዞ፣ ከተቻለም ዲዚኛ የሚያውቅ ጓደኛ አስከትሎ ሄዶ መጠየቅ አለበት።