ኮረኮንች፣ ቤንዚንና ጭስ፦ የኢትዮጵያ መንገድና ነዳጅ አብሮ አደግ ታሪክ

የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የነዳጅ ችግር የማገዶ ችግር ነበር። ከተማዋ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ተመናምኖ እንጨት ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ ሆነ። አፄ ምኒልክም መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነሡ፤ ግንባታውም ተጀመረ። ዝውውሩን ያስቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍና ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም የተዘረጋው የድንጋይ መንገድ። መንገዱ የመናገሻ ደንን እንጨት ወደ ከተማ ማስገባት ሲያቃልል፣ ከተማዋም ባለችበት ጸናች። በዘመናዊት ኢትዮጵያ ከተሠሩት ቀደምት መንገዶች አንዱ ከነዳጅ እጥረት ጋር የተሳሰረ ነው። ነዳጅ የሚለው ቃል ራሱ የሚነድ ማለት ነውና፣ እንጨቱም ቤንዚኑም በአማርኛ አንድ ቤት ውስጥ ያድራሉ።

በዚያው ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አገር ውስጥ አስገባ። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው፤ ማሽኑ ካረጀ በኋላም ስሙ በአዲስ አበባ ሰው አፍ ላይ ቀረ። መኪና የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. ዋና ከተማው ሲደርስ ደግሞ የከባድ ዕቃ ጉዳይ ለጊዜው በሐዲዱ ላይ ወደቀ። መኪና የመኳንንትና የሌጋሲዮን ጌጥ ሆኖ ቆየ፤ አገሩን የሚያገናኘው ያው የበቅሎና የአህያ ቅፍለት ነበር።

ይህን የለወጠው ጦርነት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጣሊያን መድፉንና ስንቁን ወደ ደጋ ለማውጣት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አሰልፎ መንገድ ቆረጠ። የጣርማ በር ዋሻ የተፈለፈለው፣ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ከገደሉ አፍ ላይ የተለጠፈው፣ አሰብ ከደሴ የተገናኘው ያኔ ነው። መንገዶቹ የተሠሩት ለገበሬው እህል ወይም ለነጋዴው ጨው ታስቦ አልነበረም፤ አቅጣጫቸውም ከወደብ ወደ ጦር ሰፈር ነበር። ይሁን እንጂ ከወራሪው በኋላ የቀረው ነገር ብዙ ነው። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የፊያት የጭነት መኪና ቀረ። ከእርሱም ጋር የሙያው ቋንቋ ቀረ፦ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ። ዛሬም አንድ ሾፌር ስለ መኪናው ሲያወራ ከሦስት ቃል አንዱ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ያልቀረው ጥገና ነው። ከነጻነት በኋላ መንገዱን የሚንከባከብ መሥሪያ ቤትም ገንዘብም ስላልነበረ አስፋልቱ በጥቂት ክረምት ተቦዳደሰ። መንግሥት ለዓለም ባንክ አመለከተና በ1943 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የ5 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ብድር አገኘ፤ ባንኩ በአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ፤ በጅምሩም ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ መሐንዲሶች መሩት። ባለሥልጣኑ የተረከበው 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሲሆን ከዚህ 3,400ው አስፋልት፣ የቀረው ጠጠር ነበር።

መንገድ እንዴት እንደሚበላሽ ጠጋ ብሎ ማየት የነዳጁን ሂሳብ ያስረዳል። አስፋልትን የሚገድለው ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። ፀሐይ ያደረቀው ንጣፍ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያወጣል፤ የሐምሌ ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን አፈር ያለሰልሳል፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጭቃውን በስንጥቁ ወደ ላይ ይተፋዋል። ከሥሩ ባዶ የሆነው ንጣፍ ይሰምጥና ጉድጓድ ይሆናል። አሁን የሾፌሩ ተራ ነው። በአራተኛ ማርሽ ሲሄድ የነበረው ጉድጓዱን ሲያይ ፍሬን ይይዛል፤ ወደ ሁለተኛ ይቀንሳል፤ ጉድጓዱን እንደተሻገረ ነዳጅ ረግጦ ፍጥነቱን ከዜሮ ገደማ እንደገና ይገነባል። በፍሬን የባከነው ጉልበት አስቀድሞ በናፍጣ የተገዛ ነው። ይህ በአንድ ጉዞ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ባለንብረቱ የሚከፍለው ለርቀቱ ብቻ መሆኑ ይቀርና ለጉድጓዱም ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ የኮረኮንች መንገድ ኪስንም አየርንም በአንድ ጊዜ ይጎዳል።

በዚህ ላይ ዳገቱ አለ። ከባሕር ጠረፍ የተነሣ ጭነት አዲስ አበባ እስኪደርስ 2,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ቦቴው ናፍጣ እያቃጠለ ናፍጣ ያመጣል። በ1959 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ አሰብ ላይ የተከፈተው የነዳጅ ማጣሪያ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ቶን ያህል ድፍድፍ እንዲያጣራ ታስቦ የተሠራ ነበር። ድፍድፉ ግን ከውጭ ይገዛ ስለነበር ማጣሪያው አገሪቱን ከዓለም ገበያ ማዕበል ሊያስጠልላት አልቻለም።

ማዕበሉም መጣ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የአረብና የእስራኤል ጦርነት ከፈነዳ በኋላ፣ ነዳጅ ላኪዎቹ አገሮች በርሜሉን በጥቂት ወራት ውስጥ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ አደረሱት። ኢትዮጵያ ያኔ በወሎና በትግራይ ረሃብ የሚያልቅ ሕዝብ ነበራት፤ ጥር ላይ ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር በምግቡና በውሃው ምክንያት አምፆ ነበር። በዚህ መሐል መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ ግማሽ ያህል ጨመረበት። የአዲስ አበባ ባለታክሲ ቤንዚኑን በአዲሱ ዋጋ እየገዛ ተሳፋሪውን በአሮጌው ታሪፍ ማጓጓዝ ነበረበት። የቀን ገቢው ለባለንብረቱ፣ ለማደያውና ለልጆቹ የሚከፋፈል ሰው ዋጋው ሲጨምር የሚቀንሰው ከልጆቹ ድርሻ ነው።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ታክሲዎች ቆሙ። በዚያው ቀን መምህራን መንግሥት ባወጣው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ተቆጥተው ሥራ አቁመው ነበርና ከተማዋ ከሁለት ወገን ተያዘች። ተማሪዎች ወጡ፤ አውቶቡሶች ተደበደቡ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 16፣ ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሱ፤ የትምህርቱም ዕቅድ እንዲዘገይ ተደረገ። ግን ነገሩ ከቤንዚን አልፎ ነበር። ጦሩ በየሰፈሩ ተነሣ፤ የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ በማግስቱ ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ተሾሙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ። አብዮቱን ቤንዚን ብቻ አመጣው ማለት የመሬቱን ጥያቄ፣ ረሃቡንና የጦሩን በደል መርሳት ይሆናል። ዋና ከተማዋን በአንድ ጠዋት ያቆማት ግን ከመጽሐፍ የወጣ መፈክር ሳይሆን የማደያ ዋጋ መሆኑ አይካድም። ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ የነዳጅ ዋጋን በፍርሃት የሚነካው ያን የካቲት እያስታወሰ ነው።

ደርግ ዋጋውን በሶቪየት ነዳጅ ደግፎ፣ ፍጆታውን በኩፖን መጥኖ ቆየ። ለመንገድ የሚሆነው ገንዘብ ወደ ጦርነት ስለሄደ የነበረው እያረጀ፣ አዲሱም በዝግታ እየተጨመረ ዘመኑ አለፈ። ሶቪየቶች እጃቸውን ሲሰበስቡ ሰልፉ በየማደያው ረዘመ።

1989 ዓ.ም. በዚህ ታሪክ ውስጥ ለብቻው የሚቆም ዓመት ነው። አሰብ ያለው ያረጀ ማጣሪያ አትራፊ አይደለም ተብሎ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የምትገዛው የተጣራ ነዳጅ ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲነደፍ የተቆጠረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በመልካም ይዞታ ላይ የተገኘው ግን 22 በመቶው ብቻ ነው። ሦስተኛው ክንውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነው። ከሚሸጠው ነዳጅ ከእያንዳንዱ ሊትር ላይ ሳንቲሞች ተቆርጠው ለጥገና ይውላሉ። ብዙ የሚነዳ ብዙ ይቀዳል፤ ብዙ የሚቀዳ ብዙ ይከፍላል። ከ1933 በኋላ የጠፋው የጥገና ገንዘብ በመጨረሻ ምንጩን ያገኘው ማደያው ላይ ነው። በዓመቱ፣ ግንቦት 1990፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የኤርትራ የሆነው የአሰብ ወደብ ተዘጋ፤ የነዳጁ መስመር ወደ ጅቡቲ ዞረ።

መንገዱ በእርግጥ በዛ። በ2007 ዓ.ም. አጠቃላይ ርዝመቱ ከ100,000 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር፤ አብዛኛው አዲሱ ግን ወረዳን ከቀበሌ የሚያገናኝ የጠጠርና የአፈር መንገድ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ 84.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ሲከፈት አሽከርካሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንገዱ በበሩ ላይ መክፈል ጀመረ።

ዋጋውን የመደጎም ልማድ ግን ለመላቀቅ አስቸጋሪ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ድጎማው ተነሣ ተብሎ ነበር፤ በሌላ መልክ ተመለሰ። በርካሽ የሚሸጥ ነዳጅ በድንበር በኩል ወደ ጎረቤት አገሮች ይፈሳል። ማደያው «የለም» ባለበት ከተማ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ቤንዚን በእጥፍ ይሸጣል። ድጎማው ለድሀው ቢባልም የበለጠ የሚጠቀመው የበለጠ የሚቀዳው ነው። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ በሊትር ከ36.87 ወደ 47.83 ብር ሲያሳድግ ድጎማውን በቴሌብር በኩል ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ አቆየ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የ1966ቱ ባለታክሲ ያጣው ይህንኑ ነበር።

ስለ ጭስ የሚደረገው ንግግር ዘግይቶ መጣ። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚያሳየው የኢትዮጵያ ዓመታዊ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር፤ ይህም የዓለም 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያም ውስጥ ትራንስፖርት 3 በመቶ ብቻ ይይዛል፤ ዋናው ከከብት፣ ከእርሻና ከደን ጭፍጨፋ የሚመጣ ነው። ኢትዮጵያዊው ገበሬ ዝናብ የሚቀርበት በራሱ ጭስ አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ ይህን ደጋግሞ መናገር ተገቢ ነው። ሆኖም ስትራቴጂው ነገሮች በነበሩበት ከቀጠሉ የትራንስፖርት ልቀት ከ5 ወደ 40 ሚሊዮን ቶን በሃያ ዓመት ውስጥ እንደሚያሻቅብ አስልቷል። እያንዳንዱም ቶን በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነዳጅ ነው። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካን ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የተሞከረው፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የተደረገው በዚሁ ሂሳብ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አገሪቱ ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ከውሃ ስለምታመነጭ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የተተከለለት የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለተመረቀ ውሳኔው መሠረት አለው። ከዚህ በኋላ ግን የ1989ኙ ብልህ አሠራር ይፈተናል። ቤንዚን የማይቀዳ መኪና በማደያው በኩል ለመንገድ ፈንድ ሳንቲም አይከፍልም።

መንገዱን በዋናነት የሚሰብረው ደግሞ የቤት መኪና አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የተጠናቀቀው ትልቁ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው ጉዳቱ ከአክስል ክብደት ጋር በአራተኛ ኃይል ያህል ያድጋል፤ ጭነቱ እጥፍ የሆነ አክስል መንገዱን አሥራ ስድስት ጊዜ ያህል ይጎዳል። ከጅቡቲ የሚወጣው ባለተሳቢ በናፍጣ መሥራቱን ቀጥሏል፤ አስፋልቱንም መስበሩን አልተወም። ስለዚህ የጥገናው ክፍያ ከሊትር ወደ ክብደትና ወደ ተጓዘው ርቀት መሸጋገር ይኖርበታል፤ ሽግግሩም የማደያው ገቢ ከመድረቁ በፊት መጀመር አለበት።