የተበሳሳው ማጠንጠኛ

በባሌው ወይብ ወንዝ የሚዋኘው ትራውት የተባለው ዓሣ አገር በቀል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ነው። የሚጠመደውም ከላባና ከክር በተሠራ ዝንብ፣ በቀጭን ዘንግ ነው። ለመሆኑ ለዚህ ዘንግ የሚስማማው የክር ማጠንጠኛ የትኛው ነው? መልሱ ከታሪኩ ይገኛል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኦርቪስ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈጠራ መብት ያገኘበት ማጠንጠኛ ጠባብ፣ ጎኑም የተበሳሳ ነበር። ቀዳዳው ክብደት ይቀንሳል፤ የራሰውንም የሐር ክር ያደርቃል። የእንግሊዙ ሃርዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1891 በኩሽኔታ የሚሽከረከረውን «ፐርፌክት» አወጣ። ዛሬ ክሩ ፕላስቲክ ለባሽ ስለሆነ መድረቁ አያሳስብም። ቅለትና ልስላሴ ግን ዛሬም መመዘኛ ናቸው፦ ከባዱ አንጓን ያዝላል፤ ፍሬኑ የሚነጥረው ደግሞ ጫፍ ላይ ያለውን ቀጭን ክር ይበጥሳል። እናም ገዢ ከቀለሙ በፊት ክሩን ሳብ አድርጎ ይሞክረው።