የዘጠነኛው ሰዓት ታሪክ

ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1914 ያወጀው ለውጥ በታሪክ የሚታወሰው በአምስት ዶላር የቀን ክፍያው ነው። አብሮ የታወጀው ሌላው ውሳኔ፣ የሥራው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ወደ ስምንት መውረዱ፣ ብዙም አይነሣም።

ውሳኔውን ያስገደደው የሠራተኛ ፍልሰት ነበር። በ1913 ፋብሪካው 14 ሺህ ያህል የሥራ ቦታ እንዳይጓደል ከ50 ሺህ በላይ ሰው ቀጥሯል፤ የፍልሰቱ ምጣኔ 370 በመቶ ነበር። በ1915 ወደ 16 በመቶ ወረደ። ከዚህ ውስጥ የገንዘቡ ድርሻ ስንት፣ የሰዓቱስ ስንት ነው? ሁለቱ በአንድ ላይ ስለመጡ ነጥሎ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ በዚያው ጊዜ የነበረው የኢኮኖሚ መቀዛቀዝም ሰው የያዘውን ሥራ እንዳይለቅ ገፋፍቷል። የኢኮኖሚ ጥናቱ ወደ ደመወዙ ያደላው፣ ደመወዝ ለመለካት ስለሚቀልም ይመስላል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ፍልሰት በኢትዮጵያ ታየ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ሰዎችን ሲከታተሉ፣ ከተቀጠሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ በዓመቱ ውስጥ ለቀው አገኟቸው። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 መደበኛውን ሥራ በሳምንት በ48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓቱን በዓመት በ100 ሰዓት ይገድብ ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኮች ሠራተኛ ማቆየት ተስኗቸው ሳለ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ 48ቱን ሳይነካ የትርፍ ሰዓቱን ጣሪያ በሳምንት 12 አደረገው፤ በዓመት ሲሰላ ከ600 ሰዓት ይበልጣል። እርግጥ የቀን ትርፍ ሰዓት ክፍያው ከአንድ ከሩብ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ አድጓል። ነገር ግን ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ባልተበጀበት አገር፣ የጥቂት ብር አንድ ተኩል እጥፍ ያው ጥቂት ነው። ፎርድ ሰዓት ቀንሶ ደመወዝ ሲጨምር፣ ይህ አዋጅ ለተጨማሪ ሰዓት በር ከፈተ።

ልዩነቱ በካልጋሪ ኤሪን ውድስ ኖሮ፣ በአቅራቢያው ባለው የፉትሂልስ የኢንዱስትሪ ቀጠና መጋዘን ውስጥ ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ ግልጽ ነው። የአልበርታ መደበኛ ደንብ በቀን ከ8 ወይም በሳምንት ከ44 ሰዓት በላይ ያለውን ሥራ ትርፍ ሰዓት ይለዋል፤ ዝቅተኛው ክፍያም ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ነው። ስለዚህ የዚህ ሠራተኛ 45ኛ ሰዓት ከ22 ዶላር ከ50 ሳንቲም አያንስም። ሐዋሳ ላለች የልብስ ስፌት ሠራተኛ 45ኛው ሰዓት መደበኛ ሥራ ነው፤ ዋጋውንም የሚወስነው ቀጣሪዋ ነው።