ስደተኞች በጋዜጣ ዐይን፤ ከካምፓላ እስከ ሌስተር

በ1965 ዓ.ም. መስከረም 5 ቀን (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1972) በካምፓላ ይታተም በነበረው «ዩጋንዳ አርገስ» በተባለው ጋዜጣ ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ገንዘብ ከፍሎ ያሳተመው በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሌስተር ከተማ ምክር ቤት ነበር። የማስታወቂያው ዐሳብ፥ ከዩጋንዳ እንዲወጡ የታዘዙት የእስያ ተወላጆች ወደ ሌስተር እንዳይመጡ የሚመክር ነው። በከተማው ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦች ቤት ለማግኘት ተራ እንደሚጠብቁ፥ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች በትምህርት ቤት ቦታ አጥተው እንደሚገኙ፥ የጤናና የማኅበራዊ ኑሮ አገልግሎትም ከዐቅሙ በላይ እንደ ተጨናነቀ ይዘረዝራል። ምክሩም ለስደተኞቹና ለቤተ ሰባቸው ጥቅም ሲባል የተሰጠ መሆኑን ይገልጻል።

ስደተኛ ገና ከቤቱ ሳይወጣ፥ የሚያስፈራው ከተማ በስደተኛው በራሱ ጋዜጣ ላይ ደጁን ሲዘጋበት መታየቱ በታሪክ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። የታሪክ መምህር ይህን ገጽ ለተማሪዎቹ ቢያሳያቸው አያሌ ነገር ሊያስረዳበት ይችላል።

ነገሩ የተጀመረው ከ6 ሳምንት በፊት ነው። በ1964 ዓ.ም. ሐምሌ 28 ቀን ጄኔራል ኢዲ አሚን በቶሮሮ ከተማ ለወታደሮቹ ባደረገው ንግግር የእስያ ተወላጆች ከዩጋንዳ እንደሚባረሩ ገለጸ፤ የተሰጣቸውም ጊዜ 90 ቀን ብቻ ሆነ። እነዚህ ሰዎች በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ከጉጃራትና ከፑንጃብ የመጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። ጥጥ መዳመጡ፥ ስኳር ማምረቱና የሱቅ ንግዱ በአብዛኛው በእጃቸው ነበር። ዩጋንዳ ነጻ ከወጣች በኋላ አንዳንዶቹ የዩጋንዳን ዜግነት ሲይዙ፥ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ፓስፖርታቸውን እንደ ያዙ ቀሩ።

አሚን እስያውያኑን ላሚቱን ሳይቀልቡ የሚያልቡ ሰዎች ናቸው ሲል ከሰሳቸው። ጋዜጣውና ሬዲዮውም ቃሉን ተቀብለው ደጋግመው አሰሙት። የዩጋንዳ ገበሬ በንግዱ ላይ የነበረው ቅሬታ በእርግጥ እውነትነት ነበረው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የስኳር ፋብሪካው ባለቤት፥ በገጠር መንደር ጨርቅ የሚሰፋው ልብስ ሰፊና ደመወዝተኛው መምህር በጋዜጣው ዓምድ ላይ አንድ መልክ ያዙ፤ ሁሉም በዝባዥ ተባሉ።

ወደ ለንደን ሲሻገሩ ደግሞ ሥዕሉ ተገለበጠ። በካምፓላ ሀብቱ የሚያስቀናው ሰው፥ በአንድ በረራ ውስጥ የሌላውን ቤትና እንጀራ ሊሻማ የሚመጣ ችግረኛ ሆነ። በእርግጥም ይዘው እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ገንዘብ ለአንድ ቤተ ሰብ ከ50 ፓውንድ ብዙም የማያልፍ ስለ ነበረ ድህነቱ ሐሰት አልነበረም። ያደኸያቸው ግን ማን እንደ ሆነ የሚያስታውሰው የጋዜጣ ርእስ ጥቂት ነበር። ብዙዎቹ ጋዜጦች የሚወዱት ቁጥርን ነበር። ከ50 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዙ ሰዎች ሊመጡ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ አመጣጣቸውም በጎርፍ ተመሰለ። በመጨረሻ የገቡት ወደ 28 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ።

ይህ የቁጥር ፍርሃት አስቀድሞ የታየ ነው። በ1960 ዓ.ም. የኬንያ እስያውያን ወደ እንግሊዝ አገር መጉረፍ በጀመሩ ጊዜ ጋዜጦቹ በየቀኑ የገባውን ሰው ሲቈጥሩ ሰንብተው፥ የለንደን ምክር ቤት በ3 ቀን ውስጥ የተጣደፈ ሕግ አውጥቶ የራሱን ፓስፖርት በያዙት ሰዎች ላይ በሩን አጠበበ።

በዚህ ላይ የስያሜ ነገር አለ። ከዩጋንዳ የተባረሩት ሰዎች በአያሌ የእንግሊዝ ጋዜጦች የተጠሩት በአማርኛ «መጤ» ከሚለው ቃል ጋር በሚቀራረብ ስም ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ላደገ ኢትዮጵያዊ ግን «ስደት» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ሕፃን ታቅፋ ወደ ግብጽ የወረደችውን እናት ነው። እንዲያውም የአሚን ቀነ ገደብ ያለቀበት ጥቅምት 29 ቀን፥ ቤተ ክርስቲያን ይህን ስደት በማኅሌት በምታስብበት በጽጌ ወራት ውስጥ ይውላል።

የእንግሊዝ ሕዝብ ሁሉ ግን አንድ ልብ ነበረው ማለት አይቻልም። የኤድዋርድ ሂዝ መንግሥት ፓስፖርቱ ያመጣውን ግዴታ ተቀብሏል፤ ይህን የደገፉ ጋዜጦችም ነበሩ። የመጀመሪያው አውሮፕላን መስከረም 8 ቀን በስታንስቴድ ጣቢያ ሲያርፍ፥ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሴቶች ሻይና የብርድ ልብስ ይዘው ተቀበሏቸው። በሳሪ ተጀቡነው ከአውሮፕላን የሚወርዱት ሴቶች ፎቶግራፍም በየጋዜጣው ታየ። ይሁን እንጂ ፎቶግራፉ የሴቲቱን ብርድ ያሳያል እንጂ ሥራዋን፥ ትምህርቷንና ያነበበችውን አይናገርም። በየወታደር ሰፈሩ ያረፉት ሰዎች የገዛ ቃላቸውን በጋዜጣ ላይ ማግኘታቸው፥ ስለ እነርሱ ከተጻፈው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የተረሱት የዩጋንዳ ዜግነታቸው ተነጥቆ አገር አልባ ሆነው የቀሩት ናቸው፤ እነርሱ በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት ወደ ኦስትሪያ፥ ወደ ኢጣሊያና ወደ ማልታ መጠለያ ስለ ተላኩ፥ የለንደን ጋዜጣ የሚቈጥራቸውም አልነበሩም።

ሌስተርስ? ማስታወቂያው አልሠራም። የመልሶ ማስፈሪያው ቦርድ አገሩን ለሰፈራ በተፈቀደና በተጨናነቀ ቀጠና ከፍሎ ሌስተርን ከተጨናነቁት ቢመድባትም፥ ዘመድ ያላቸውና የሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደዚያው ሄዱ። የከተማዋን ስም ያወቁት ከማስታወቂያው መሆኑን የተናገሩም አሉ። ሹራብና ጫማ በሚሠሩት ፋብሪካዎች ተቀጠሩ፤ የተዘጉ ሱቆችን ከፈቱ፤ በቤልግሬቭ መንገድ ላይ የነበረው ንግድ በእነርሱ እጅ አንሠራራ። ልጆቻቸውም ቦታ የለም በተባለባቸው ትምህርት ቤቶች ተማሩ፤ ከእነርሱም መካከል ሐኪሞች፥ መምህራንና የምክር ቤት አባሎች ወጡ። በ1965 ዓ.ም. የሚያስፈራውን ደብዳቤ በሰፊው ሲያትም የነበረው የከተማው ጋዜጣ «ሌስተር መርኩሪ» ከዓመታት በኋላ አቋሙን ለውጦ በሕዝቦቹ መካከል መቀራረብ እንዲኖር ይጽፍ ጀመር።

በመስከረም 1965 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የጠቀሰው የቤትና የትምህርት ቤት ጥበት የሌለ ነገር አልነበረም። የጎደለው፥ የሚመጣው ሰው ቤት የሚፈልግ ብቻ ሳይሆን ቤት የሚሠራም መሆኑ ነበር፤ ይህን ለመጻፍ ደግሞ አንድ ጋዜጠኛ ከስደተኛው ጎን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ይበቃው ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ በሌስተር ከተማ ከካምፓላ የመጡትን ሰዎች ታሪክ የሚያሳይ ትርኢት ተዘጋጀ። ለዚያ ሲባል ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ እየተጠየቁ ቃላቸው ተቀዳ፤ በሻንጣቸው ምን እንደ ያዙ፥ የሱቃቸውን ቁልፍ ለማን እንደ ሰጡ፥ መጀመሪያ ያደሩበት ሰፈር ብርዱ እንዴት እንደ ነበረ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ተናገሩ።